ልጃችሁ «ኤ ሌቭል ይቅርብኝ፣ ሙያ ልማር» ሲላችሁ

ኦገስት 2022፣ ሐሙስ ጠዋት። የጂሲኤስኢ፣ ማለትም ልጆች በ16 ዓመታቸው የሚወስዱት ፈተና፣ ውጤት የሚሰጥበት ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ አድሬ ነው የመጣሁት፤ የአውቶቡስ ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅኩም። ልጄ ፖስታውን ከፈተ። እንግሊዝኛ 5። ሳይንስ 4 እና 4። ሌሎቹም 4 እና 5። ሒሳብ 3። ውጤቱ ከ9 እስከ 1 ነው የሚሰጠው፤ ማለፊያው 4 ነው። ሒሳብ በአንዲት ነጥብ አመለጠው።

የራሱ ትምህርት ቤት ሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ኤ ሌቭል የሚሰጥበት ክፍል፣ አልቀበልም አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ዕንቅልፌን ትቼ ሰሜን ለንደን ውስጥ ሌሎች ሁለት ሲክስዝ ፎርሞች ጋ አዞርኩት። ወረፋ ቆምን። ለመንኩ። ሁለተኛው ጋም «አይሆንም» ተብለን ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እያየ እንዲህ አለኝ፦ «አባዬ፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እየነገርኩህ ነው። ኤ ሌቭል አልፈልግም። ኤሌክትሪሺያን ነው መሆን የምፈልገው።»

እውነቱን ነው። ነግሮኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያወቅኩትን ልጻፍላችሁ። የምጽፈው እንግላንድ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ልጃችሁ ይር 10 ወይም ይር 11 ለደረሰ ወላጆች ነው። የስኮትላንድና የዌልስ አሠራር ይለያል።

መጀመሪያ የራሳችንን ሐዘን እንጨርስ

እዚህ አገር ልጅ 16 ሲሞላው ትምህርት አያበቃም። ከ2015 ጀምሮ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት ግዴታ ነው። ኤ ሌቭል ግን ግዴታ አይደለም። ከመንገዶቹ አንዱ ነው።

እኛ ግን ይህን የምንሰማው በአገር ቤት ጆሮ ነው። አገር ቤት የአሥረኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ዘመን ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል። «የእገሌ ልጅ ምን ሆነ?» ሲባል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ቴክኒክና ሙያ ገባ» ይባል ነበር። ስለዚህ ልጃችን «ሙያ» ሲለን «ወደቅኩ» ያለን ይመስለናል።

እኔ ደግሞ ከማንም በላይ ማፈር ያለብኝ ሰው ነኝ። አባቴ ተግባረ እድ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ መብራት ኃይል የሠሩ ሰው ናቸው። አምስት ልጅ ያሳደጉት በካቻቢቴና በፒንሳ ነው። ያን ሳምንት ደውዬ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ተጨንቄ፣ ልጁ ኤ ሌቭል እንደማይማርና ኤሌክትሪክ ሊማር እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እና ምን ሆነ? ልጁ አሞታል እንዴ?» አሉኝ።

ሐዘናችሁን ለትዳር አጋራችሁ ወይም ለጓደኛ ተናገሩትና ይውጣላችሁ። ልጁ ፊት ግን አታምጡት። እኔ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወዳጄ «ልጅህ ምን ገባ?» ሲለኝ፣ ልጄ አጠገቤ ቆሞ፣ «ለጊዜው ኮሌጅ ነው፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» አልኩ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፌ አወጣኋት። አሁን ስጠየቅ የኮርሱን ሙሉ ስም ነው የምናገረው።

ሌቭሉ ስንት ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ኮሌጅ ውስጥ፣ ማለትም እዚህ አገር ከ16 ዓመት በኋላ ሙያ የሚማሩበት ቦታ፣ ከኮርሱ ስም በላይ የሚያስፈልጋችሁ የሌቭሉ ቁጥር ነው።

ሌቭል 2 ማለት ከጂሲኤስኢ 4 እና ከዚያ በላይ ጋር እኩል ነው። ሌቭል 3 ከኤ ሌቭል ጋር እኩል ነው። ሌቭል 1 ከሁለቱም በታች ነው። ጂሲኤስኢው አብዛኛው 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ ሌቭል 3 በቀጥታ መጀመር ይችላል። እንደ ኤሌክትሪክና ቧንቧ ያሉ የእጅ ሙያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከሌቭል 2 ነው የሚጀመሩት፤ ሌቭል 3ው በላዩ ይመጣል። ያ ችግር የለውም። ችግሩ ልጁ ከሚገባው በታች ሲቀመጥ ነው።

እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ኮሌጅ በምዝገባ ቀን ወረፋው ግቢውን ዞሮ ነበር። አንዲት ወረቀት ሰጡን፣ ፈረምን፣ ደስ ብሎን ወጣን። ወረቀቷ ላይ «ኮንስትራክሽን መልቲ ስኪልስ» ይላል። ኤሌክትሪክም አለው ተባልን። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ «አባዬ፣ ትናንት ቀለም ቀባን፣ ዛሬ ጡብ ደረደርን» አለኝ። ወረቀቷን አውጥቼ በደንብ አነበብኳት። ሌቭል 1። ከቀለሙም፣ ከግንቡም፣ ከቧንቧውም ትንሽ ትንሽ የሚያስቀምስ ኮርስ ነው። ሌቭል 1 ለሚያስፈልገው ልጅ ጥሩ ነው። የልጄ ውጤት ግን ሌቭል 2 ያስገባው ነበር። የሌቭል 2 ቦታ ስለሞላ ብቻ እዚያ አስቀመጡት፤ እኛም አልጠየቅንም።

በነጋታው ሌሎች ኮሌጆች ጋ መደወል ጀመርኩ። አራተኛው ጋ አንድ ልጅ ለቆ ስለነበር ቦታ ተገኘ። ባይገኝ ኖሮ አንድ ዓመት ይባክን ነበር። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ወርቅ ናቸው የምለው። ኮሌጆች በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮርስ መቀየርን ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ኦክቶበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ በሩ ይጠባል። ልጃችሁ በሁለተኛው ሳምንት «አልተመቸኝም» ካለ «ታገሥ፣ ትለምደዋለህ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳልተመቸው ጠይቁት።

በምዝገባ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ሌቭሉ ስንት ነው? ሲጨርስ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ስም ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት ይህን የጨረሱ ልጆች ወዴት ሄዱ? ሦስተኛውን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ኮሌጅ ጥሩ ኮሌጅ ነው። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አታንብቡት። እዚያው አንብቡት።

ቢቴክ፣ ቲ ሌቭል፣ ዲፕሎማ

ስሞቹ ያደናግራሉ። በአጭሩ ልንገራችሁ።

ቢቴክ ፒርሰን በሚባል ድርጅት የሚሰጥ የሙያ ትምህርት ነው። ሌቭል 3 ኤክስቴንድድ ዲፕሎማ የሚባለው ትልቁ ከሦስት ኤ ሌቭል ጋር እኩል ነው። ሦስት ዲስቲንክሽን ያመጣ ልጅ 144 የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ነጥብ ያገኛል፤ በኤ ሌቭል ሦስት ኤ ያመጣ ልጅም የሚያገኘው 144 ነው። ስለዚህ «ሙያ ከገባ ዩኒቨርሲቲ ቀረ» የሚባለው ልክ አይደለም። ግን ሁሉም ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ትምህርት አይቀበለውም። ልጃችሁ ሐኪም መሆን ከፈለገ ኤ ሌቭሉን ይማር። ሌላ ከፈለገ የሚፈልገውን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ገጽ አሁኑኑ አብራችሁ ክፈቱና «ቢቴክ» የሚለውን ፈልጉ።

ቲ ሌቭል በሴፕቴምበር 2020 የተጀመረ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ እሱም ከሦስት ኤ ሌቭል ጋር እኩል ነው። ልዩ የሚያደርገው ቢያንስ 315 ሰዓት፣ ወደ 45 ቀን ገደማ፣ እውነተኛ ሥራ ቦታ ላይ መዋል ግዴታ መሆኑ ነው። ስትመዘግቡ «የሥራ ቦታውን ኮሌጁ ነው የሚያገኘው ወይስ ልጁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፍ የሚበዛበት ትምህርት ነው፤ መጻፍ የሚጠላ ልጅ ይከብደዋል።

የእጅ ሙያ ዲፕሎማዎች ደግሞ አሉ። ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የሚባለው ድርጅት ከ1878 ጀምሮ ያለ ነው፤ ልጄ የተማረው የእሱን ነው። መንግሥት በኦክቶበር 2025 ደግሞ ቪ ሌቭል የሚባል አዲስ ነገር ከ2027 ጀምሮ እንደሚያመጣ፣ ቢቴክና መሰሎቹን ቀስ በቀስ እንደሚተካ አስታውቋል። ታናናሽ ልጆች ያሏችሁ ኮሌጁ ኦፕን ዴይ፣ ማለትም ለጎብኚ በሩን የሚከፍትበት ቀን፣ ላይ ይህን ጠይቁ።

ኦፕን ዴዮቹ የሚበዙት ከኦክቶበር ጀምሮ ነው። ማመልከት በነፃ ነው። ኮሌጅም፣ ሲክስዝ ፎርምም፣ ሁለት ሦስት ቦታ ባንድ ጊዜ ማመልከት ይቻላል። እኔ ኦገስት ላይ የሮጥኩት ሩጫ ኖቬምበር ላይ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ሒሳብ አይለቅም

«ኮሌጅ ገባ፣ ከሒሳብ ተገላገለ» ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ 4 ያላመጣ ልጅ ኮሌጅ ውስጥም ይማረዋል። 3 ያመጣ ጂሲኤስኢውን ራሱን ይደግማል። ከዚያ በታች ያመጣ ፈንክሽናል ስኪልስ የሚባለውን፣ ለዕለት ኑሮ የሚሆነውን ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ መውሰድ ይችላል። ድጋሚ ፈተናው ኖቬምበር ላይ አለ፣ ከዚያ ሜይና ጁን ላይ።

ልጄ ኖቬምበር ላይ ተፈተነ። ጃንዋሪ ላይ ውጤቱ መጣ፦ 3። ያን ቀን ፊቱን ማየት ከባድ ነበር። «ደደብ ነኝ» አለኝ።

የረዳው እኔ አይደለሁም። አያቱ ናቸው። እሑድ እሑድ በቴሌግራም ቪዲዮ ያወሩ ነበር። አባቴ እንግሊዝኛቸው የቆየ ነው፣ ልጄ አማርኛው ይሰባበራል። ግን ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም ለሁለቱም አንድ ቋንቋ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ኢኩዌሽን ለልጄ የጠፋ ነገር ነበር። አባቴ «230 ቮልት አለህ። ማሰሮ የምታሞቅበት ምድጃ 10 አምፔር ይስባል። ሬዚስታንሱ ስንት ነው?» ሲሉት ግን በአንዴ 23 አለ። ያ እኮ አልጀብራ ነው። ሳያውቀው ሠራው። ጁን ላይ ድጋሚ ተፈትኖ 4 አመጣ።

ልጃችሁ የሚማረው ሙያ ውስጥ ሒሳቡ የት እንዳለ ፈልጉለት። ምግብ ማብሰል የምትማር ልጅ የምግቡን መጠን ከ4 ሰው ወደ 60 ሰው ስትቀይር ሬሺዮ እየሠራች ነው። ፀጉር ሥራ ላይ ቀለም መደባለቅም ያው ነው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ መመለስ ይቀላል።

ማክሰኞ ለምን ቤት ተኛ?

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ልጄ ተኝቷል። ቀሰቀስኩት፣ ጮህኩበት። ለካ ማክሰኞ ትምህርት የለውም! ኮሌጅ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። የትምህርት ፕሮግራሙን በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ አንሡና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ጠብ ይቀንሳል።

ሌላው ነገር፣ ኮሌጅ እንደ ትምህርት ቤት አይደውልላችሁም። ልጁን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ቱተሩ ማን እንደሆነ እወቁ፣ ኢሜይሉን ያዙ፣ በኦክቶበር አንድ አጭር መልእክት ላኩ። «የእገሌ አባት ነኝ፤ ሲቀር ወይም ሥራ ሳያስገባ ሲቀር እባክዎ ያሳውቁኝ።» ሁለት መስመር ይበቃል። እንግሊዝኛችሁ ሙሉ ስላልሆነ አትፈሩ። እኔ ልኬ በአንድ ቀን መልስ አገኘሁ።

ባዶውን ቀን ግን ባዶ አታድርጉት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቧንቧ የሚሠራ፣ ቤት የሚያድስ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው ሞልቷል። እኛ ስለ እነሱ የምንጠይቀው ቤታችን ሲፈስ ብቻ ነው። አንዱን ወንድም ለመንኩት፤ ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞት ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ወራት ዕቃ ማቀበል፣ መጥረግ፣ ሻይ ማምጣት ነበር። ከዚያ ያገኘው ግን ከሁሉም በለጠ። ሪፈረንስ የሚጽፍለት ሰው አገኘ። ከመስማማታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ፤ 18 ላልሞላው ልጅ ይሸፍናል ወይ በሉ።

ገንዘቡ

ከ16 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ትምህርቱ በነፃ ነው። ቻይልድ ቤኔፊት፣ መንግሥት ለልጅ የሚከፍለው ድጎማ፣ ይቀጥላል፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርት መቀጠሉን ለኤችኤምአርሲ (ለግብር መሥሪያ ቤቱ) ካላሳወቃችሁ ኦገስት 31 ላይ ይቆማል። ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤው ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር።

ኮሌጁ ውስጥ በርሰሪ የሚባል ድጋፍ አለ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ለትራንስፖርት፣ ለመሣሪያ፣ ለልብስ ያገኛል። ለአንዳንድ ልጆች፣ ለምሳሌ በካውንስል እጅ ላሉ፣ በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። የልጄን የብረት ጫማና የመሣሪያ ሳጥን ያወጣው በርሰሪው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጫማውን በራሴ ገዝቼ ነበር፤ ደረሰኙን ስላስቀመጥኩ መለሱልኝ። ደረሰኝ አትጣሉ። ነፃ ምሳም ኮሌጅ ውስጥ አለ፣ ማመልከት ግን ያስፈልጋል። ለንደን ያላችሁ ደግሞ 16 ፕላስ ዚፕ ኦይስተር አውጡለት፤ አውቶቡስ በነፃ ነው።

አፕሬንቲስሺፕ፣ ማለትም ቀጣሪ ዘንድ እየሠሩ መማር፣ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ልጁ ደመወዝተኛ ነው። ቻይልድ ቤኔፊት ይቆማል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ የልጁ ድርሻም እንዲሁ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአፕሬንቲስ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ በየኤፕሪሉ ይቀየራል። ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ቤቱ ውስጥ የሚጎድለውን ልጁም ይወቀው፣ ግን የጎደለው በእሱ ጥፋት እንደሆነ አይሰማው።

ዲፕሎማ ብቻውን ኤሌክትሪሺያን አያደርግም

ይህን ማንም አልነገረን። ልጄ ሌቭል 2 ጨረሰ፣ ሌቭል 3 ጨረሰ፣ ቤት ድግስ አደረግን። ከዚያ ሥራ ሲፈልግ «ኤንቪኪው አለህ? ኤኤም2 አለህ?» ይሉት ጀመር። ኮሌጅ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ዲፕሎማ ዕውቀቱን ነው የሚያሳየው። ሙሉ ባለሙያ ለመባል እውነተኛ ሥራ ቦታ ላይ የሠራኸውን በማስረጃ ማቅረብ አለብህ፤ ያ ኤንቪኪው ነው። ከዚያ ኤኤም2 የሚባል፣ ቀናት የሚፈጅ የተግባር ፈተና አለ። ሙሉ ኤሌክትሪሺያን መሆንህን የሚያሳየው ወርቃማው የኢሲኤስ ካርድ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀጣሪ ከሌለ ማስረጃ የለም፣ ማስረጃ ከሌለ ካርድ የለም።

ስለዚህ የእጅ ሙያ የሚማር ልጅ ካላችሁ ቀጣሪ ፍለጋው በመጨረሻው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ይጀመር። ትምህርቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ልጄ 23 ቦታ አመለከተ። አሥራ ዘጠኙ መልስ እንኳ አልሰጡም። ሦስቱ አልፈለጉትም። አንዱ ጠራው፤ የጠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሠራ በነበረው ሥራ ምክንያት ነው። በሴፕቴምበር 2024 አፕሬንቲስ ሆኖ ገባ። ሒሳቧ 4 ባትሆን ኖሮ ያኔም ትከተለው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሌቭል 3 አፕሬንቲስ ለመጨረስ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስፈልጋል።

በእነዚያ የፍለጋ ወራት የወላጅ ሥራ ምንድን ነው? እኔ ማመልከቻ መጻፍ አልችልም። ግን በየሐሙሱ አብሬው ቁጭ እል ነበር። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቡና እጠጣለሁ። «ዛሬ ስንት ላክህ?» አልልም፤ አብሬው እቀመጣለሁ ብቻ። መልስ ያልሰጡት ሲበዙ ብቻውን አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማስረጃው አብዛኛው ፎቶ ነው። የዘረጋውን ሽቦ፣ ያሰረውን ማከፋፈያ ሳጥን ግድግዳው ሳይዘጋ በፊት ያነሣል። ባለፈው ክረምት ስልኩ ጠፋበት፤ የሁለት ወር ሥራ አብሮ ጠፋ። የልጃችሁ ስልክ ፎቶውን ሌላ ቦታም የሚያስቀምጥ መሆኑን ዛሬ ማታ እዩ።

አሁን ኤኤም2 ይቀረዋል። እኔ አሁንም ሌሊት ነው የምነዳው። በማለዳ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። የምንገናኘው በር ላይ ነው፣ አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። ድሮ «ውጤትህ ስንት ነው?» እለው ነበር፤ መልሱ «ደህና ነው» ነበር፣ በቃ። አሁን «ትናንት ምን ሠራችሁ?» ነው የምለው። ዛሬ ጠዋት የፈረሰ አሮጌ ቤት ውስጥ ቀይና ጥቁር ሽቦ እንዳገኙ ነገረኝ፤ ከ2004 ወዲህ የሚዘረጋው ቡናማና ሰማያዊ ነው። ፎቶውን አሳየኝ። «ለአባባ ላክለት» አልኩት። ልኮለት ነበር። አባባም «እኔ የማውቀው ይህንን ነው» ብለው መልሰውለታል።